ሁሉም ይስማው

የክልሉ ምክር ቤት እሺ ካላለ አገሪቱ ከጎረቤት አገሮች ኅብረት ጋር የንግድ ውል መፈረም አትችልም። ሌሎቹ ክልሎች አጽድቀዋል፤ የቀረው ይኸው አዳራሽ ብቻ ነው። አባላቱ ስለ ወተት አምራቾቻቸው ዕጣ ሲነታረኩ የአፈ ጉባኤዋ ስልክ ጮኸ። ሚኒስትሩ ናቸው፤ እስከ አምና በዚሁ ወንበር ተቀምጠው ሥራ ያስተማሯት አለቃዋ። ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘችው፤ ደንቡ ነው።

“አንቺ ልጅ፣ እዚህ ብዕር ጨብጠን ቆመናል!” አሉ ሚኒስትሩ። “ምን ያስጨንቅሻል? እነዚያ እንደሆኑ ውሉን አያነቡትም። ሻይ አጠጪያቸውና እጅ አስወጥተሽ ገላግይኝ።”

ከጧት ጀምሮ ውሉ ይጽደቅ ብለው ሲሟገቱ የነበሩት አዛውንት አባል መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

“ጋሼ፣” አለች አፈ ጉባኤዋ፣ “በስብሰባ መሃል የሚደወል ስልክ ሁሉም ይስማው የሚለውን ደንብ ማን እንዳወጣው ያስታውሳሉ?”

ከኋላ አንዱ “በሰፈሩት ቁና...” ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

“ስልኩን አይዝጉት፤ ድምፅ ልንሰጥ ነው።” ወደ አባላቱ ዞረች። “ውሉን የምትቃወሙ?”

ከሁሉ ቀድሞ የወጣው የአዛውንቱ እጅ ነበር።