የወንዝ ማዶዋ እናት

የአገሩ መሪ ከወንዙ ማዶ ያለውን የጎረቤት አገር ሸለቆ በያዘ ጊዜ መስታወት ገጣሚውም እንደ ሰዉ ሁሉ አደባባይ ወጥቶ አጨብጭቧል። ጥይት እንኳ በቅጡ አልተተኮሰም። ሬዲዮው መሬቱ የአያቶቻችን ነበር፣ ከዚህ ወዲያ አንዲት ስንዝር አንፈልግም አለ፤ ሰዉም አመነ። ያላጨበጨበችው ሚስቱ ነበረች። እራት እያቀረበች፣ የጎረቤቱን አጥር የነቀለ ሰው አጥሩን ታቅፎ አይቀመጥም፣ ቀጥሎ ደጁን ያያል አለችው። እሱም ግድግዳም ጆሮ አለው ብሎ በሩን ዘጋ።

ብዙም ሳይቆይ የማዘጋጃ ቤቱ አለቃ አስጠራው። በተያዘው ሸለቆ ከተማ ያለ የተሰበረ መስኮት ሁሉ ይጠገን ተብሏል፣ አልሄድም ማለት የለም አለው። መስታወት መቁረጫውን፣ ማስመሪያውንና መዶሻውን ጠቅልሎ፣ ሚስቱንና ሴት ልጁን ተሰናብቶ ድልድዩን ተሻገረ።

ማደሪያ ብለው የሰጡት የአንዲት አዋላጅ ቤት ነበር። ሴትዮዋ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን የከተማው ግማሽ ሕዝብ የተወለደው በእሳቸው እጅ ነው። መስታወት ገጣሚው ሲደርስ አንድ መኮንን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤቱ የዚህ ሰው ነው፣ አንቺ ጓሮ ግቢ ሲላቸው ሰማ። ሴትዮዋም ፍራሻቸውን ጠቅልለው ወደ ዕቃ ቤቱ ይጎትቱ ጀመር።

መኮንኑ ዞር እስኪል ጠበቀና ፍራሹን ከእጃቸው ተቀብሎ ወደ መኝታ ቤታቸው መለሰው። እሱ ራሱ ዕቃ ቤት ገብቶ በከሰል ጆንያና በተሰበረ ወንበር መካከል ብርድ ልብሱን አነጠፈ። ምስጋና አልጠበቀም፤ አላገኘምም። ለሳምንታት ደህና አደሩ ሲላቸው ከግድግዳ ጋር የሚነጋገር ያህል ነበር። አንድ ቀን ግን ከሥራ ሲመለስ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ላይ የተከደነ ትኩስ ሾርባ ጠበቀው። ሳህኑን አጥቦ ሲመልስ አገላብጠው አዩት።

«ጀርባው አልጠራም፤ ድገመው» አሉት።

ከእሳቸው የሰማው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው። ደስ ብሎት ደገመው።

በሸለቆው ነገር ጎረቤት አገሮች ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ነበርና ይህ ለመሪው የልብ ልብ ሰጠው። በዓመቱ የሌላ ጎረቤት ወደብ ወሰደ። አሁንስ ይቺ ብቻ ናት አለ። ጎረቤቶቹም ተሰብስበው አዝነናል ብለው ተበተኑ። ቀጥሎ ጦሩን በሰሜን በኩል ወደ ሌላ አገር አስገባ፤ ያቺ ግን ብቻዋን አልነበረችም። እሷን የነካ እኛን ነካ ብለው የተማማሉላት ነበሩ። አንዱ ጦርነት ሲያውጅ ሌላው ተከተለ፤ የዚያኛው ባላንጣ ደግሞ ከመሪው ጎን ተሰለፈ። እንዲህ እንዲህ እያለ፣ የሸለቆውን ስም እንኳ ሰምተው የማያውቁ እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ጦር ግንባር መሸኘት ጀመሩ። አዋላጇ ሬዲዮውን ዘጉና፣ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ዝም ስላሉት ነው አሉ።

ከዚያ የመሪው ጠላቶች አውሮፕላን መጣ። እሱ የገጠመውን ቦምቡ ያረግፈዋል፤ እሱ ጠርጎ እንደገና ይገጥማል። መስታወት ሲጠፋ በሳንቃና በላስቲክ ይደፍናል። የታዘዘው ለመኮንኖቹ ቤት ነበር፤ ትርፍ ሲያገኝ ግን ቀስ ብሎ የመንደሩን ሰው መስኮት ይሠራ ነበር። አራስ ያለበትን ቤት አዋላጇ ይጠቁሙታል። ከቤታቸው ትይዩ የሚኖረው ጫማ ሰፊ መስኮቱ ሲገጠምለት እንኳ ፊቱን አዙሮ ነው የቆመው። ውሎ አድሮ ድልድዩ ተመታ፤ ከዚያ ወዲያ የሚስቱና የልጁ ወሬ ጠፋ።

የመሪው ጦር መሸሽ በጀመረ ሰሞን አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ሲያወርድ አመለጠውና መዳፉን ተለተለው። አዋላጇ ራሳቸው ሰፉለት።

«ስንቷን ወላድ ሰፍቻለሁ፤ እንዳንተ የጮኸች የለችም» አሉት።

ቁስሉ አመርቅዞ ትኩሳት ጣለው። መኮንኖቹ እግሬ አውጪኝ ብለው በካሚዮን ሲፈረጥጡ እሱን ያስታወሰ አልነበረም። ነፍሱን ሲያውቅ በአዋላጇ አልጋ ላይ ተኝቷል፤ እሳቸው መሬት ላይ አንጥፈዋል። ዕቃ ቤቱ ለበሽተኛ ይቀዘቅዛል አሉት እንጂ ሌላ ነገር አልጨመሩም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

የሸለቆው ተዋጊዎች ከተማዋን መልሰው ሲይዙ የቀረ ጠላት ፍለጋ ቤት ለቤት መግባት ጀመሩ። መስታወት ገጣሚው የወንድሜ ልጅ ነው ይበሉልኝ ብሎ ለመናቸው። አዋላጇ ራሳቸውን ነቀነቁ። አፍህን እንደከፈትክ አነጋገርህ ያሳብቅብሃል፣ ደግሞ በስተርጅና ውሸት አልለምድም አሉት። በሩ ሲንኳኳ ብርድ ልብሱን ወደ ፊቱ ሳበ። እሳቸው ግን በሩን ወለል አድርገው ከፈቱ።

«እማማ፣ ከእነሱ ወገን እዚህ የተደበቀ አለ ይባላል» አለ አዛዡ።

«አለ፤ አልተደበቀም፣ ታሞ ነው። ቤቴን ሰጥተውት አልወስድም ያለ መስታወት ገጣሚ ነው። የበደለው ካለ ይምጣና ፊቴ ይናገር። ከሌለ ግን እኔን ሳትረግጥ ከዚህ አታወጣውም።»

አዛዡ አመነታ። ደጁ ላይ ሰው ተሰብስቦ ነበርና ጫማ ሰፊው ከመሀል ወጣ።

«እኔ ለዚህ ሰው ሰላምታ ሰጥቼው አላውቅም፤ ዛሬም አልሰጠውም» አለ። «ግን ተዉት።»

ሳቅ ያመለጠው ተዋጊ ነበር። አዛዡ ገባ ብሎ የታሰረውን እጅ አየ፤ ሲሻለው የሆስፒታሉን መስኮት ይሥራ፣ ከከተማው እንዳይወጣ ብሎ ሄደ። መስታወት ገጣሚው ሊያመሰግን በታሰረው እጁ የአዋላጇን እጅ ያዘ። አዋላጇ እጅህን አታንቀሳቅስ ብለው ተቆጡት።

ጦርነቱ ያለቀው የመሪው ዋና ከተማ በተያዘች ጊዜ ነው። በጀልባ መሻገር ሲፈቀድ አንድ ረፋድ ላይ ሚስቱና ልጁ እየጠየቁ መጡ። ቤታቸው ፈርሶ የአንድ ዳቦ ቤት ምድር ቤት አስጠልሏቸው ኖሯል። ከስተዋል፤ ግን በእግራቸው ቆመዋል። ሚስቱ ታሪኩን ከባሏ አፍ በሰማች ጊዜ ተነስታ አዋላጇን አቀፈች፤ ረጅም ጊዜም አልለቀቀቻቸውም።

«በይ በቃ፤ ሰውዬሽ ያንኮራፋል፣ ውሰጂልኝ» አሉ አዋላጇ። እሳቸው ግን እጇን እንደያዙ ነበር። ትንሽ ቆይተው፣ ጣሪያ የሌለው ቤት ይዛችሁ የት ትሄዳላችሁ፣ ክረምቱ ይውጣ እንጂ አሉ።

አራት ሆነው ለምሳ ቀረቡ። ልጅቷ ከአዋላጇ አጠገብ ተቀምጣ ስለ ወላዶች ትጠይቃለች፤ እሳቸው እያሳቁ ይመልሱላታል። መስታወት ገጣሚው ማንኪያውን እንደያዘ አንዷን ሲያይ፣ ሌላዋን ሲያይ ምግቡ ቀዘቀዘ። እማማ ብሎ ጀመረ። አዋላጇ ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረጉ፤ እሱም በደህናው እጁ መብላት ጀመረ።