ያለ ውኃ የሰጠሁት ግሊሰሪን

ብቻውን ሰጠኋት፣ ለዚያች ከዋጃ በኩል ለመጣች እናት፣ ጠርሙሱን እጇ ላይ አስቀምጬ የልጅሽን ተረከዝ በዚህ ቀቢው አልኳት፣ ወፈር አድርገሽ፣ ማታ ማታ፣ አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች፣ ያቺ እኔ ነኝ፣ ለተ ብርሃን ባለሱቋ።

ሱቅ። ከሳሙናና ከግሊሰሪን በቀር ምን ቀረበት። ተስፋይ እህል ላምጣ ብሎ ደሴ ከሄደ ሰባተኛ ሳምንቱ፣ ባሌ ይኑር ይሙት የሚነግረኝ የለም፣ ከራሴ ጋር ሳወራ እውላለሁ፣ ዛሬ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ይሁኔ ሳሙና ሊገዛ ቢገባ ሰው አገኘሁ ብዬ ይህንኑ አጫወትኩት፣ ፊቱ ተለዋወጠ። በውኃ ሳትበጠብጪው? አለኝ፣ ግሊሰሪን እኮ ውኃ ይስባል፣ አየሩ ላይ እርጥበት ካገኘ ከአየሩ፣ በዚህ ንዳድ ካጣ ደግሞ ከቆዳው ከውስጥ፣ የተሰነጠቀውን ይብሱን ያደርቀዋል። መርዝ ነው እንዴ? አልኩት። መርዝስ አይደለም፣ ደኅና ነገር ነው፣ ውኃ ካለው።

እኔ በምን ልወቅ፣ እናቴ አጥባን በእርጥቡ ነበር የምትቀባን፣ ውኃውም መድኃኒት መሆኑን ማን አሰበው፣ ያኔ ውኃ ሞልቶ።

ይኸው ማሰሮ ውኃ ይዤ ወደ መኪናው መንገድ እየሄድኩ ነው፣ ከዋጃ በኩል የመጡት እህል ይመጣል ብለው የተኮለኮሉበት፣ ፊታቸውን ላለማየት ስንት ቀን በሬን ዘጋሁ፣ አሁን አንድ በአንድ እያየሁ ማለፍ ሆነ። ጠርሙሱን የሰጠኋት ኡሙሃኒ ትባላለች፣ ልጇ መይሙና። ከግራሩ ሥር ናት አሉኝ። የልጅቷ ተረከዝ ደም አውጥቶ ቢሆንስ፣ ምን ብዬ እገባለሁ።

አገኘኋት። ጠርሙሱ ባዶ። የልጅሽን እግር ልየው እስቲ ብዬ ተንበረከክሁ፣ ስንጥቁ እንደነበረ ነው፣ ቅባት የሚባል አልነካውም። የት አደረግሽው ታዲያ? ኡሙሃኒ አፍራ መሬት መሬት ታያለች፣ ብቀምሰው ጣፈጠኝ እቴ፣ በጣት በጣት አላስኳት፣ አልሐምዱሊላህ፣ ትናንት ሳታለቅስ ተኛች።

 ማሰሮውን ለእግሯ ነው ያመጣሁት ልል ስል ልጅቷ ሁለት እጇን ዘረጋች፣ አጎንብሼ አጠጣኋት፣ እናቷም ጠጣች፣ ለተረከዙ ጠብታ አልተረፈም።

እያለቀስኩ ነው መሰለኝ። ምን ያቆምሻል፣ ተቀመጪ እንጂ እቴ፣ ትላለች፣ ልጇን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችልኝ፣ ተቀመጥኩ፣ ቤት ማን አለኝና።