ከፐርዝ እስከ ወረታ

«ታዲያ ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አሉ ጎረቤታቸው እትዬ ውባንቺ፣ ገና ነፍስ ይማር ብለው ሳይቀመጡ።

እናኑ ከድንኳኑ ጥግ ሆና ዓይኗን ጨፈነች። መልሱን እሷም በቃሏ ይዛዋለች። ከፐርዝ ዱባይ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ከዱባይ አዲስ አበባ አራት፣ ከዚያ ባሕር ዳር አንድ፣ ከባሕር ዳር እዚህ ወረታ በመኪና አንድ፤ በየመሀሉ መጠበቁ ሳይቆጠር። ወንድሟ ዓለምነህ ዛሬ ረፋድ፣ በሠልስቱ፣ ከደረሰ ጀምሮ ይህን ያልጠየቀው ለቀስተኛ የለም።

«በአየር ብቻ ከአሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው» አለ ዓለምነህ፣ በተሰላቸ ድምፅ።

«ወይ ልጄን። ይህን ሁሉ አቋርጠህ የእናትህን ፊት ሳታይ።»

ይህን ሲሰሙ አጎታቸው አያ ስማቸው ወደ እናኑ ዞሩ። ከቀብሩ ጀምሮ ሲያጉረመርሙ ነው የሰነበቱት። «አንድ ሁለት ሌሊት ባሕር ዳር ሬሳ ክፍል ብናሳድራት ምን ነበረበት? ነገርሁሽ እኮ።»

እናኑ ከንፈሯን ነከሰች። እናቷን ለዓመታት ያስታመመች እሷ ናት። ወገቧን ደግፋ ወንዛዬ ፍል ውኃ ስታመላልሳት፣ ያ መንገድ ስንት ሰዓት እንደፈጀ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

እናቷ ደብሬ ሩዝ ነጋዴ ነበረች፤ ማንንም ጠብቃ አታውቅም። ዓለምነህ አገር ለቆ ሲሄድ እንኳ ከሩዝ መፈልፈያው በር ላይ ሳም አድርጋው፣ «ሂድ፣ መኪናውን አታስቁም» ብላ ወደ ማበጠሯ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ግን እሱ በደወለ ቁጥር «አሁን ቢነሣ መቼ ይደርሳል?» እያለች እናኑን ሰዓት ታስቆጥራት ነበር። አልጋ ላይ ከዋለች በኋላ መጠየቁን ተወች። አንድ ቀን «ስሞት እኔን አስተኝተሽ እሱን ስትጠብቂ በር በሩን እንዳታዪ። የዚያኑ ዕለት ቅበሪኝ» አለቻት።

«እሷ ናት አትጠብቂ ያለችኝ» አለች እናኑ። «ስንቴ ልናገር? የሚሰማኝ የለም። ሁላችሁም አውሮፕላን ትቆጥራላችሁ።»

አያ ስማቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው ሊቀጥሉ ሲሉ ዓለምነህ ቀደማቸው።

«ይተዉአት አያ። እናታችን ለእኔም ክረምት ላይ በስልክ ነግራኛለች። ‹ሞተች ካሉህ ለእኔ ብለህ አትቸኩል፤ አንገናኝም። ለእህትህ ግን ድረስላት› ብላኛለች።»

እናኑ አፍጥጣ አየችው። «ታዲያ ከረፋድ ጀምሮ ስወቀስ እየሰማህ ምን አፍህን ያዘው?»

«ማን አስተነፈሰኝ? ስንት ሰዓት ፈጀብህ ሲሉኝ ዋሉ።»

እትዬ ውባንቺ አንገታቸውን ደፉ።

ዓለምነህ ከመኪና እንደወረደ ነው የተቀመጠው። እግሩ በመንገዱ ብዛት አብጦ ጫማው ሰርስሮታል። ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን ሊፈታ ሞከረ፤ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። እናኑ ተነሥታ ከፊቱ በርከክ አለች። እጁን ገፋ አድርጋ ቋጠሮውን ፈታችና፣ ጫማውን በቀስታ አውልቃ እግሩን ጭኗ ላይ አሳረፈችው።