ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለው መጋጠሚያ

ሽማግሌው ከሞቱ ወዲህ ጋራዡ ውስጥ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል፤ ማንም መዶሻ ሳያነሳ። በያጇ ልጃቸው መጀመሪያ የጎረቤት ነው ብላ ነበር። ቀጥላ ቆርቆሮው ነው፣ ፀሐይ ስትለቀው ይንቋቋል አለች። በመጨረሻ ምንም ማለቱን ተወችው። ኪን፣ ኪን፣ ኪን ይልና ዷ ብሎ ያቆማል። ሁልጊዜ መጨረሻው ዷ ነው። እንቅልፍ የነሳትም እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር በመንፈስና በጥላ የምታምን ሴት አይደለችም። ክንዷ በፍንጣሪ የተጠባበሰ፣ ደንበኛ ከነዘነዛት "እንግዲያው ራስህ በይደው" ብላ መበየጃውን የምታስጨብጥ ሰው ናት። ግን ያንን አመታት ታውቀዋለች። አባቷ አንድ መጋጠሚያ በይደው ሲጨርሱ በትንሿ መዶሻቸው ይመቱትና ጆሯቸውን ቱቦው ላይ ይለጥፋሉ። ደህና የተያያዘ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ያልተያያዘ ይታፈናል። ሰፈሩ ሁሉ "ባለጆሮው" ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም አልጠሉትም።

ታናሽ ወንድሟ የመኪና ተወዳዳሪ ነው። ሰው "ጥይቱ" ይለዋል፤ እሱም ስሙን ይወደዋል፣ ምን ይደረግ። የሚነዳት አሮጌ መኪና ውስጧ በቱቦላሬ፣ በብረት ቱቦ፣ በተሠራ ቀፎ የተከበበ ነው፤ ብትገለበጥና ጣሪያዋ ቢጨፈለቅ እንኳ ሹፌሩ በሕይወት እንዲወጣ። ቀፎውን የሠሩት አባታቸው ናቸው፣ የመጨረሻ ሥራቸውም እሱ ነበር። አሁን ጥይቱ ከቀድሞው የሚበረታ ሞተር አስገብቶባታል፤ ውድድሩ ደግሞ ነገ ነው። እህትየዋ ጉልበቱ የጨመረ መኪና ሲገለበጥም በዚያው ልክ ይከፋል ብላ፣ ላሜራ በሦስት ማዕዘን እየቆረጠች፣ ሁለት ቱቦዎች በተገናኙበት ማዕዘን ሁሉ እየበየደች ቀፎውን ስታጠናክር ሰነበተች።

ከአንዱ በስተቀር። ከሹፌሩ ራስ በላይ ያለውን እንዳትነኪ ብሏታል ወንድሟ። አባባ በመጨረሻ የበየዱት እሱን ነው፤ ከዚያ አልጋ ያዙ፣ አልተነሱም። ጥይቱ ከውድድር በፊት መዳፉን እዚያ ላይ ያሳርፍና ነው ሞተር የሚያስነሳው። እዚያ ላይ ብረት የሚፍቀውን ግራይንደር ማሳረፍ ለእሱ የአባባን መቃብር ከመቆፈር አይተናነስም። አባቱን የሚወድ እሱ ብቻ ይመስል! ቢሆንም እሺ አለችው።

ከሰዓት በኋላ የመጨረሻውን ላሜራ በይዳ ማሽኑን አጠፋች። ጭምብሏን አውልቃ የአባቷን መዶሻ አነሳችና መጋጠሚያዎቹን በተራ መታች። ሁሉም ጮኹ። ጥይቱ ውጭ ጎማ እያጠበቀ ያፏጫል። የተከለከለው ጋ ስትደርስ ልታልፈው ነበር፣ እጇ ግን ቀደማት።

ዷ።

ድምፁ እሱ ነው፤ ስንት ጊዜ ማንም በሌለበት የሰማችው፣ ቁርጥ እሱ።

ወንድሟን ጠርታ ደግማ መታችለት። እሱ ሳቀባት። ቀለሙን ራሱ ደራርቦ ስለቀባው ነው የታፈነው፣ አንቺ ደግሞ ሰሞኑን ጣሪያውም መሬቱም ይጮኽብሻል አላት። የአባባ ብየዳ ተለያይቶ ያውቃል ወይ ብሎም ጠየቃት። አያውቅም፣ እውነቱን ነው። እሷ ግን ግራይንደሩን ሰካች። የመኪናዋ በር ላይ ቆሞ መግቢያውን በእጁ ዘጋባት፤ እስኪነጫነጭ፣ እስኪለማመጥ፣ እስኪቆጣ ጠበቀችው። ከዚያ ቀስ ብላ ተናገረች።

"አባባን ቀብሬያለሁ። አንተን አልቀብርም።"

ከበሩ ዞር አለላት።

ቀለሙ ተላጠ። ከሥሩ የወጣው ብየዳ፣ ምን ልበላችሁ፣ ያምራል። እኩል፣ ቀጥ ያለ፣ አንድም ቦታ ያልተዝረከረከ፣ ሰው ጠርቶ የሚያሳዩት ዓይነት ነው። ግን መጋጠሚያው ላይ አይደለም። ጣት በሚያህል ርቀት ወደ ጎን ዞሮ፣ አንደኛውን ቱቦ ብቻ ይዞ ሄዷል። ሁለቱን ቱቦዎች ያያዟቸው መጀመሪያ ለማስያዣ የተጣሉ ጥቃቅን ነጥቦች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀለም ነው። ወንድሟ ስንት ውድድር ከዚያ ሥር ተቀምጦ ነድቷል።

ሁለቱም አንድ ነገር ትዝ ብሏቸዋል፣ እሷ ታውቃለች። ያኔ አባባ ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ጎን ያፈሱ ነበር። ጠረጴዛው ሲጥለቀለቅ ልጆቹ "ጠረጴዛውም ጠምቶታል" ብለው ይስቃሉ፣ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑን ቤቱ ሁሉ ያውቅ ነበር፣ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አላለም። የሰፈሩን ብረት ሁሉ ያያያዘ ሰው አላይም ይበል? እነሱስ አያዩም ብለው ይንገሯቸው? ጉድ ነው መቼም፣ መከባበር የሚሉት ነገር።

ጥይቱ ድንገት ጎንበስ አለና ጣቱን ከብየዳው አጠገብ አሳረፈ። "እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ብረቱ ተጎድጉዷል። አንድ ቦታ ላይ፣ በላይ በላዩ፣ በትንሽ መዶሻ የተመታ ጉድጓድ። አንዴ ሁለቴ ብቻ አይደለም፤ ሲመታ የዋለ ነው።

ያኔ ነው መሬት ላይ ቁጭ ያለችው። ያን ቀን ትዝ አላት። እሷ እዚያ ጥግ የሰው በር ትበይዳለች፣ አባቷ መኪናው ውስጥ ሆነው ይመታሉ። ኪን፣ ኪን፣ ዷ። ደግሞ ኪን፣ ኪን፣ ዷ። "ልጄ፣ ነይ እስቲ አንቺ ስሚው" አሏት። እሷ ጭምብሏን እንኳ አላወለቀችም። "ሰማሁት አባባ፣ ደህና ነው" አለቻቸው ከነበረችበት። ጥቂት ቆይተው ደግመው መቱ። ራሴን አመመኝ፣ በቃዎት ብላ ጮኸችባቸው። እሳቸውም በቃቸው።

ዓይናቸው ባያይም ጆሯቸው ሰምቷል። መንገሩ አቅቷቸው፣ እንድትሰማላቸው ነበር የሚመቱት።

ለወንድሟ ይህን ስትነግረው አልገሰጻትም፤ ቢገስጻት ይሻላት ነበር። መብራቱን አንስቶ ያዘላት። የማይረባውን ብየዳ ጠርባ ጣለች፣ መጋጠሚያውን በሽቦ ብሩሽ አጸዳች፣ ዙሪያውን በየደች፣ ላሜራውንም ማዕዘኑ ላይ ከዳር እስከ ዳር አሰረችው። የተጎደጎደውን ግን ግራይንደር አላስነካችውም።

ብረቱ ሲቀዘቅዝ ጥይቱ ወንበሩ ላይ ገብቶ ተቀመጠና ጆሮውን ቱቦው ላይ ለጠፈ። እሷም በሌላው በኩል ለጠፈች። መዶሻውን አነሳች።

"ጠንከር አድርገሽ ምቺው እትዬ" አላት። "ይስሙት።"

መታችው። ጥርት ብሎ ጮኸ፤ ጩኸቱ በቀፎው ሁሉ ዞሮ፣ በጥርሷ ውስጥ አልፎ፣ ቀስ እያለ ጠፋ። ፀሐይዋ ቆርቆሮውን እየለቀቀች ነበር። ያንን ኪን ኪን ጠበቀች፣ ወንድሟም ሳይጠይቃት አብሯት ጠበቀ። ምንም አልመጣም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር፤ እሷ ግን ጆሮዋን ከብረቱ ሳታነሳ፣ አባባ አንዴ እንኳ ቢመቱ ብላ ለመነች።