ከሙይ ኔ ተቆርጦ የቀረው

ማህደር የሰው ሠርግ ስትቆርጥና ስትቀጥል ስምንት ዓመት ሆኗታል። አዘቦት ቀን ሲያትል ውስጥ ሶዶ በሚባለው ሰፈር ባለ መጋዘን ዕቃ ታሽጋለች፤ ቅዳሜና እሑድ ካሜራ ተሸክማ ትዞራለች፤ የቀረጸችውን ሴንትራል ዲስትሪክት በተከራየቻት አንዲት ክፍል ተቀምጣ ኤዲት ታደርጋለች። በሲያትል ሐበሻ ዘንድ ስሟ ጥሩ ነው። ሚዜ ሰክሮ ሲንገዳገድ፣ አማት ምራቷን በጎን ስትገላምጥ የሚታይበት ቪዲዮ ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም። «ማህደር ገመና ሸፋኝ ናት» ይሏታል። እሷም እንዲህ ስትባል ደስ ይላት ነበር።

መሳፍንትን ያወቀችው በዚሁ በሠርግ ነው። መሳፍንት ቤት ያሻሽጣል፤ ሠርግ ላይ ደግሞ መድረክ ይመራል። ማይክ ከያዘ የተኳረፈውን ዘመድ ሁሉ ያስቃል፤ እሱ የሌለበት ሠርግ እንደ ልቅሶ ይቆጠራል። ዘንድሮ አዲስ ሥራ ጀመረ፦ ሐበሻውን ሰብስቦ በቡድን አገር ማስጎብኘት። ለመጀመሪያው ጉዞ የመረጣት ሙይ ኔ የምትባል የቬትናም የባሕር ዳርቻ ከተማ ነበረች። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር አስቀድሞ ሄዶ አይቷት መጣና የቀረጹትን ሁሉ በአንድ ሃርድ ድራይቭ ጨምቆ ማህደር ቤት ድረስ አመጣላት።

«ማሂዬ፣ አሥር ደቂቃ አድርጊልኝ» አላት ከበሩ ሳይገባ። «ምን ይታያል፣ ምን ይደረጋል፣ ያ ብቻ። የዛሬ ሁለት ሳምንት እሑድ ሰው ጠርቼ አሳያለሁ። ሶ፣ ክፍያሽ ራሱ ጉዞው ነው። አንድ ቦታ ያንቺ ነው። ኦኬ?»

ማህደር አሜሪካ ከገባች ጀምሮ ለዕረፍት ብላ የትም ሄዳ አታውቅም። ኦኬ አለች።

ሰኞ ከሥራ መልስ ማየት ጀመረች። መጀመሪያ አገሩ ልቧን ወሰደው። ቀይ አሸዋ ኮረብታ አክሎ፣ ነፋስ ጫፉን እያበነነው፤ ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ነጭ አሸዋ፣ ከሥሩ ሐይቅ። ሰዎች ጫማቸውን አውልቀው ቁርጭምጭሚት በማያልፍ ጅረት ውስጥ ይራመዳሉ፤ ግራና ቀኙ ዝናብ የቦረቦረው ቀይ ገደል ነው። ባሕሩ ላይ ነፋስ በትልልቅ የጨርቅ ክንፍ ሰው እየጎተተ ያንሳፍፋል። ወረቀት አውጥታ፦ አሸዋው፣ ጅረቱ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ሰፈር፣ እያለች መዘገበች። ራሷንም እዚያ አሸዋ ላይ ቁጭ ብላ አየቻት።

ከዚያ ምግቡ መጣ። ማህደር ዓሣ እንኳ ጭንቅላቱ ካልወጣለት አትቀምስም። ሦስቱ ወንዶች ጠረጴዛው ላይ ቀንድ አውጣ በእንጨት እየጎረጎሩ ሲመዙ ባየች ጊዜ ዘገነናት። ቀጥሎ የዳክዬ እንቁላል ቀረበ፤ ተራ እንቁላል መስሏት ነበር፤ ሲሰበር ውስጡ ጫጩት ሊሆን የደረሰ ነገር ነው፣ ላባ ማውጣት የጀመረ። ማህደር ፊቷን አዞረች። በጎን ባለው ጠረጴዛ አንድ የአገሩ ሰው ግን ከነልጁ ጨው ነስንሶ፣ ቅጠል አድርጎ፣ በጸጥታ ይበላል።

መሳፍንት ተወራርዶ ነበርና እንቁላሉን አፉ ከተተው። ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ እንትፍ! አለው፤ ሰሀኑ ላይ አይደለም፣ ወለሉ ላይ ነው። ጓደኞቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። ሁለተኛውም ጎርሶ ተፋው፤ እሱማ ሆን ብሎ ራቅ አድርጎ ነው የተፋው። አስተናጋጇ፣ ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ፣ ጨርቅ ይዛ መጣችና እግራቸው ሥር ተንበርክካ መጥረግ ጀመረች። መሳፍንት ካሜራውን ወደ እሷ አዙረው ብሎ ምልክት ሰጠ። ልጅቷ ቀና ሳትል ጠርጋ ሄደች።

ማህደር ቪዲዮውን አቆመችው። እንቁላሉ እንዳቅለሸለሻት ነበር የምታስበው። ደግማ ስታየው ግን እንቁላሉ ላይ ምንም አልተሰማትም፤ የቀፈፋት አፋቸው ነው። መድረክ ላይ «እልል በሉ!» የሚለው፣ የምታውቀው የመሳፍንት አፍ፣ ምራቅና ላባ አዝረክርኮ ሲስቅ።

በማግሥቱ የዓሣ አጥማጆቹን ሰፈር ቀረጻ ከፈተች። ክብ ቅርጫት የመሰሉ ታንኳዎች ዳር ተደርድረዋል፤ ሴቶች አሸዋው ላይ ቁጢጥ ብለው ዓሣ ይለያሉ፤ የዓሣ አንጀትና ቅርፊት፣ ፌስታልና አረፋ ተደባልቆ ማዕበሉ ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። ከሴቶቹ አንዷ አሮጊት ናት፤ ሾጣጣ የሰሌን ባርኔጣ አገጯ ሥር በጨርቅ አስራለች። መሳፍንት ከኋላዋ መጣና ባርኔጣውን ላጥ አደረገው። ጨርቁ አገጯን ጎተተውና ጭንቅላቷ ወደ ኋላ ሄደ፤ ከዚያ ቋጠሮው ተፈታ። ጸጉር የላትም። እዚህም እዚያም ጥቂት ነጭ ቅንጣት፣ ከጆሮዋ በላይ ደግሞ የቃጠሎ ጠባሳ የመሰለ ነገር። አሮጊቷ ዓሣ የነካ ሁለት እጇን አንስታ ራሷን ሸፈነች።

ወንዶቹ በሳቅ ፈረሱ። መሳፍንት ባርኔጣውን ደፍቶ፣ ባሕሩን ከጀርባው አድርጎ፣ ሁለት ጣቱን ዘርግቶ ፎቶ ተነሣ። ሲበቃው እንደ ሰሀን አሽከርክሮ ወረወረው፤ ባርኔጣው አንጀቱ የተጠራቀመበት ላይ ወደቀ። ካሜራውን የያዘው ሰው ማጥፋት ረስቶት ኖሮ ቀረጻው አርባ ሰከንድ ያህል ቀጠለ። አሮጊቷ በአንድ እጇ ራሷን እንደሸፈነች፣ ጎንበስ ብላ ሄደች፣ አነሣችው፣ ባሕሩ ውስጥ አጠበችው፣ እርጥቡን ደፋችው፣ ተመልሳ ቁጢጥ አለች። ወደ እነሱ አላየችም።

ማህደር ሦስት ጊዜ አየችው። ከዚያ ለመሳፍንት ኮል አደረገች።

«መሳፍንት፣ የሴትዮዋን ቀረጻ አየሁት።»

«የቷ ሴትዮ?»

«ባርኔጣዋን የወሰድክባት።»

«ኦ! እሷን!» ሳቀ። «ማሂ፣ ያቺ ፎቶ እኮ ምርጥ ናት። ፖስተሩ ላይ እሷን ነው የማወጣት። ሌላውን ቁረጪው።»

«ሴትዮዋ ራሷን ሸፈነች እኮ። ያንተ እናት ሻሿን መሀል ገበያ ብትገፈፍ…»

«እንዴ! በቀልድ እናቴን ምን አመጣት? አንቺን የቀጠርኩሽ ለመቁረጥ ነው፤ ሰው ደክሞት ውሎ ይመጣል፣ ደስ የሚል ነገር አሳዪው። ኦኬ?»

ስልኩ ተዘጋ። ማህደር ልትተወው ትችል ነበር። አልተወችውም። ቁጭ ብላ ቆረጠች። እንቁላሉን ከተፋበት በፊት፣ ገና «እስቲ ልሞክረው» ሲል አቆመችው፤ ደስ የሚል ሰው መሰለ። ባርኔጣ የደፋበት ምስል ላይ ግን ችግር ገጠማት፤ ከግራ ጥግ የአሮጊቷ ሁለት እጆች ይታያሉ። ምስሉን ትንሽ አጎላችው፣ ወደ ግራ ገፋችው። እጆቹ ወጡ። መሳፍንትና ባሕሩ ብቻ ቀሩ። ማህደር ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ እንደገናም ታጠበች። የተቆረጠውን ከመደምሰሷ በፊት፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ወደ ስልኳ ላከችው።

ዓርብ ዕለት እንደ ልማዷ ጃክሰን መንገድ ካለው የቬትናሞች ሱቅ አትክልት ልትገዛ ገባች። ባለሱቋ አሮጊት ቅጠል እየለቀመች በእንግሊዝኛ «ቆየሽ፣ ጠፋሽ» አለቻት። ማህደር ዓይኗን ማየት አቃታት። ቲማቲሙን አስቀምጣ ወጣች።

እሑድ ከሰዓት ቼሪ መንገድ ላይ ያለ የሐበሻ ሬስቶራንት የጓሮ አዳራሽ ሞላ። ቪዲዮው ሲታይ ሰው ጸጥ አለ፤ አሸዋው ሲመጣ «ወይኔ!» አለ፤ መሳፍንት ባርኔጣ ደፍቶ ብቅ ሲል ሳቅና ጭብጨባ ሆነ። ሲያልቅ ሰው ለመመዝገብ ተጋፋ። መሳፍንት በማይኩ «ማህደርን አጨብጭቡላት!» አለ። አጨበጨቡላት። ጭብጨባው ፊቷ ላይ እንደተጣለ እርጥብ ጨርቅ ተሰማት።

ከተመዘገቡት አንዷ እትዬ እጅጋየሁ ነበሩ። ስልሳ አልፏቸዋል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሆቴል ውስጥ ክፍል ሲያጸዱ ጉልበታቸው አልቋል። እናቷ አዲስ አበባ ከእሳቸው ጋር ጎረቤት ስለነበሩ ማህደር እንደ እናት ታያቸዋለች።

«የኔ ልጅ፣ እንዴት ያለ አገር አሳየሽን!» አሉና አገላብጠው ሳሟት። «በዕድሜዬ አንዴ እንኳ እኔ ያላነጠፍሁት አልጋ ላይ ልተኛ።»

ማህደር አላስቻላትም። ክንዳቸውን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። «እትዬ፣ ከመሄድዎ በፊት ይቺን ይዩልኝ።»

እትዬ እጅጋየሁ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ያዙ። እስከ መጨረሻው፣ አሮጊቷ ባርኔጣዋን እስክታጥብ ድረስ አዩ። ከዚያ ስልኩን ሰጥተዋት፣ እያነከሱ፣ ሰው ከከበበው መሳፍንት ፊት ሄደው ቆሙ።

«መሳፍንት፣ ያቺን ባልቴት ራሷን ለምን ገለጥካት?»

መሳፍንት ማህደርን ከሩቅ ገልመጥ አደረጋት፤ ወዲያው ጥርሱን ገጠጠ። «እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው! እሷም ስቃለች።»

«አልሳቀችም፤ አይቻለሁ።»

«ለአንዲት የሣር ባርኔጣ ነው ይሄ ሁሉ?» አለ ከኋላ አንድ ሰው። ሳቅ ሆነ። መሳፍንት የእትዬ እጅጋየሁን ትከሻ አቅፎ «እማማን ከፊት ወንበር ነው የማስቀምጣቸው!» ሲል ሳቁ ባሰ። ከሳቁት ውስጥ ማህደር ሠርጋቸውን የቀረጸችላቸው፣ ልጆቻቸውን ክርስትና ሲያስነሡ አብረዋት የበሉ የጠጡ አሉ። አፎቻቸው ሲከፈቱ ታያለች፤ ሁሉም ያው አፍ መሰላት።

እትዬ እጅጋየሁ ክንዱን ከትከሻቸው አውርደው ተመለሱ።

«እንውጣ እትዬ» አለች ማህደር። «ስምዎን ይሰርዙና እንሂድ።»

«አልሰርዝም።»

«ምን አሉ?»

«እሄዳለሁ አልኩሽ። ባሕሩን እሱ አልፈጠረውም።»

ማህደር እሳቸውንም ተጸየፈች፤ ፊቷ ላይ ሳይነበብባት አልቀረም። እትዬ እጅጋየሁ አዩትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ስንት ቀን ይዘሽው ነበር?»

«አሥራ ሁለት ቀን።»

«አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ አሳምረሽ ቀብተሽ አቀረብሽልን። ዛሬ ደግሞ ጉልበቴን እየጎተትኩ እኔ እንድናገርልሽ ላክሽኝ። እኔስ ተናገርኩ። አንቺስ?»

ማህደር ሄዳ መሳፍንት ፊት ቆመች። ብዙ ልትናገር አስባ ነበር፤ የወጣላት ትንሽ ነው። «ስሜን ከጉዞው አውጣው። ያደረግከው ነውር ነው። እኔም የሸፈንኩልህ ነውር ነው።» ቅርብ የነበሩት ሰሙ፤ የራቁት ሙዚቃ ተከፍቶ ስለነበር አልሰሙም። መሳፍንት ማይኩን በእጁ ሸፈነና «ደክሞሻል ማሂ፤ ቤትሽ ሂጂ» አላት፣ ለስላሳ አድርጎ።

በኋላ ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንድ ባልና ሚስት ብቻ ስማቸውን ሰረዙ። ቪዲዮው የመሳፍንት ነበርና ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ ብዙ ሰው አየው። ማህደርን ሠርግ የሚጠራት ቀነሰ፤ መሳፍንት ስሟን በክፉ አላነሣም፤ «ትንሽ ታስቸግራለች» ማለቱ ብቻ በቃ። ሃያ ስድስት ሰው ወደ ሙይ ኔ ሄደ።

እትዬ እጅጋየሁ በተመለሱ በሦስተኛው ቀን ስልክ ደወሉላት። ማህደር ከሶዶ ስትመለስ አውቶቡስ ውስጥ ነበረች። ስለ አሸዋው አወሩላት፤ ጅረቱ ውስጥ ጉልበታቸው እንዳልታመማቸው፣ አልጋቸውን ሰው ሲያነጥፍላቸው አፍረው ራሳቸው እንዳነጠፉ ነገሯት።

«ዓሣ አጥማጆቹ ጋ ሄዳችሁ?» አለች ማህደር።

«ሄድን። ሴትዮዋን ፈለግኋት፤ ሁሉም ባርኔጣ ደፍተዋል፣ እንዴት ልወቃት? ሽታው እንኳን እዚህ ድረስ አብሮኝ መጥቷል። ሰዎቻችን ግን ከአውቶቡስ እንደወረዱ ምን እንዳደረጉ ታውቂያለሽ?»

ማህደር ማወቅ አልፈለገችም።

«ባርኔጣ ነጠቃ። አንዱ ከአንዷ ራስ ላይ፣ ሌላዋ ከሌላዋ። ባሕሩን ጀርባ አድርገው፣ ሁለት ጣት ዘርግተው። ደግሞ ይሰለፋሉ! ተይ ብላት፣ ያቺ አብራን የሄደችው ገነት፣ ያቺ ጨዋይቱ፣ ‹እትዬ፣ እዚያ ሲሄዱ የሚደረገው እኮ ይሄ ነው፤ ቪዲዮው ላይ አላዩም?› አለችኝ።»

አውቶቡሱ ቆመ፤ ሰው ወረደ፤ ሰው ገባ።

«እጆቿን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

«የማንን እጅ?»

«የሴትዮዋን። ከቪዲዮው ጥግ ላይ ይታዩ ነበር። ገፍቼ አወጣኋቸው። ቢታዩ ኖሮ…»

ማህደር ስልኩ የተቋረጠ መስሏት ከጆሮዋ አንስታ አየችው።

«አለሁ» አሉ እትዬ እጅጋየሁ። «ቢታዩስ ኖሮ ይተዉት ነበር ወይ፣ እኔ አላውቅም ልጄ። አንዳንዱ ይተወው ይሆናል። እሑድ መጥተሽ ጉልበቴን እሺልኝ፤ መልሶ ይዞኛል።»

«እመጣለሁ» አለች ማህደር።