አንድ ሰዓት ከአምስት

የአየር መንገዱ ቲኬት ቢሮ ባልደረቦች ቲኬት ቆራጯን «ወይዘሮ ደቂቃ» ይሏታል። ስም ሲያወጡላት አልተሳሳቱም። በረራው «ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል» ማለት ለእሷ ነውር ነው፤ ወይ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ሰባት ነው፣ ወይ ሁለት ከሦስት። ርቀቱንም ማንም ሳይጠይቃት ትመርቃለች።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ጉልበታቸውን እያሻሹ መጥተው ፊቷ ተቀመጡ። ልጃቸው ዘንድ ሊሄዱ ነው፤ አውሮፕላን የሚባል ነገር ተሳፍረው አያውቁም። የከተማው ስም የተጻፈበትን ብጣሽ ወረቀት አቀበሏት።

«ልጄ ጉዞው ቀን ሙሉ አየር ላይ ነው ብሎኛል። ይሄ ጉልበቴ ይችለው ይመስልሻል?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ ለወይዘሮ ደቂቃ ሠርግና ምላሽ ነው።

«የምን ቀን ሙሉ፣ እማማ! ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር፤ አንድ ሰዓት ከአምስት ደቂቃ። ወንበሩን ሳያሞቁት ይደርሳሉ።»

«ተሳስተሽ እንዳይሆን።»

መሳሳት! ስክሪኑን አዙራ አሳየቻቸው። በየቀኑ ጠዋትም ከሰዓትም በረራ አለ። እናትየው መነጽራቸውን አውጥተው ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ከዚያ መነጽሩን አጥፈው ቀስ ብለው ቦርሳቸው ውስጥ መለሱት።

«አምና አባቱ ሲያርፍ በማለዳ ደወልንለት» አሉ። «‹መንገዱ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ ለቀብሩ አልደርስም› አለ። ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ቀባሪው ሁሉ ሲያማው፣ ‹ሩቅ ነው፣ ምን ያድርግ› እያልኩ ስሟገትለት ዋልኩ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወይዘሮ ደቂቃ ምላሷን ነከሰች። እናትየው አንጀቷን በሏት፤ በራሷም ተናደደች። ማን ለምኗት ነው ደቂቃ የምትቆጥረው?

«ምናልባት ያኔ ቀጥታው በረራ አልተጀመረም ይሆናል» አለች። በረራው ከተጀመረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መዋሸት አልለመደችምና ጆሮዋ ድረስ ጋላት።

«ተይ ልጄ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ» አሉ እናትየው።

ጉልበታቸውን ሲያሹ ቆዩ። ወይዘሮ ደቂቃ ጉዞው ቀረ ብላ ገጹን ልትዘጋ ስትል ቀና አሉ።

«ቀጥታ ያልሆነስ የለም? የሚዞር?»

«አለ፤ በሌላ ከተማ አድርጎ የሚሄድ። እዚያ ብቻ ስድስት ሰዓት ያስጠብቃል። ዋጋውም ይብሳል። ደግሞ ጉልበትዎ...»

«ጉልበቴን ተይው። በአንድ ሰዓት ከች ብል ልጄ እንዴት አድርጎ ዓይኔን ያየኛል? ደክሞኝ ልውረድለት። ‹እውነትህን ነው፣ ለካ ሩቅ ኖሯል› እለዋለሁ።»

ወይዘሮ ደቂቃ አልተከራከረችም። እግር የሚዘረጋበት፣ መተላለፊያው ዳር ያለ ወንበር ፈልጋ ያዘችላቸው። ቲኬቱን አትማ ሰጠቻቸው።

«መንገዱ በጠቅላላው ስንት ሰዓት ነው ያልሽኝ?»

ስክሪኑ ጠቅላላ ጉዞው አሥር ሰዓት ከአርባ አራት ደቂቃ ይፈጃል ይላል።

«ቀን ሙሉ ነው፣ እማማ» አለች።