መተላለፊያው ጠርቷል

…አይ፣ ይሄ የኔ ሱቅ አይደለም፣ የሌላ ሰው ነው፣ ይላል ልብስ ሻጩ ደርቆ ቆሞ እያየ፣ ቆጡ ላይ የነበረው ሁሉ መሬት ላይ ነው፣ መሬት ላይ የነበረችው ሚስቱ ደግሞ የለችም። አሁን እኮ እዚያ ነበረች። ከቆጡ ስር፣ ጠረጴዛዋ ጋ፣ ሸሚዝ እየተኮሰች። እሱና ተቆጣጣሪዋ በር ላይ ቆመው፣ ያቺ የሥራ ቦታ ደህንነት የምታየዋ፣ ባለፈው መጥታ መተላለፊያው ተዘግቷል ወንድሜ፣ አደጋ ቢመጣ በየት ትወጣላችሁ፣ ይህን ሁሉ የልብስ ቦንዳ ከመሬት ያንሱ ያለችው፣ ዛሬ ተመልሳ እሰይ፣ አሁን መተላለፊያው ጠርቷል፣ በርቱ፣ በርቱ የሚለው ከአፏ ወጥቶ ሳያልቅ ነው የቆጡ ጣውላ ቋ ያለው፣ ቋ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር።

ያንሱ አለች እንጂ የት ያድርጉት አላለችም። ሱቁ አንዱ ሱሪ ሲለካ ሌላው ውጭ የሚጠብቅበት ሱቅ ነው። ቆጥ ላይ ነዋ፣ ሌላ የት፣ እሱ ከታች እየገፋ ሚስቱ ከላይ እየሳበች፣ አንተ ሰውዬ ይሄ ቆጥ ጮኸ እኮ፣ ቀሚስ ሊሸከም የተሠራ ቦንዳ አይችልም፣ አናጢ ይምጣና ቋሚ ያግባበት አለችው፣ እሱስ ምን አለ፣ ምነው ምላሱ በተሳሰረ፣ እግዜር ይይዘዋል አለ። እግዜርን የቆጥ ቋሚ አደረገው። ጌታ ሆይ፣ እኔ ሰነፉ፣ አናጢ መጥራት አቅቶኝ አንተን ከቦንዳ ስር አቆምኩህ?

ይጥሯት እንጂ ወንድሜ! ተቆጣጣሪዋ ናት፣ ጫማዋን ወርውራ፣ ተንበርክካ ልብስ ትጎትታለች። መጥራት ይፈልጋል፣ ምላሱ ላንቃው ላይ ተጣብቋል። ልብሱ ላይ ይደፋል፣ ይቆፍራል፣ አንድ እጅጌ፣ ይይዘዋል፣ ባዶ ነው፣ ሌላ እጅጌ፣ ባዶ፣ ሌላ፣ አምላኬ፣ ይህን ሁሉ ክንድ የሌለው እጅጌ ነው እንዴ የምንሸጠው።

ይሸታል። ጨርቅ ሲያር ይሸታል።

አንተ! ከስር ነው፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ድምፅ፣ ካውያው! ካውያው አልተነቀለም!

ተናገረች። በሕይወት አለች። ተመስገን፣ ተመስገን ይላል ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ኧረ ኋላ ታመሰግናለህ፣ ትላለች ከስር፣ አጥፋው!

ሶኬቱ ቦንዳ ስር ነው። የመብራት ቆጣሪው የት ነው፣ ትላለች ተቆጣጣሪዋ፣ ቆጣሪው፣ የገዛ ሱቁ ቆጣሪ፣ አለ አይደል፣ ግራጫው፣ የት ነው፣ የልጆቹ ስም ቢጠየቅም አሁን የሚመልስ አይመስለውም፣ ግድግዳውን ያያል፣ ግድግዳው ሁሉ ልብስ ነው፣ ልብስ፣ ልብስ፣ ካፖርት። ካፖርቶቹ ጀርባ! ለገበያተኛ ዓይን ያስጠላል ብሎ ራሱ የሸፈነው። ይገነጥላቸዋል፣ መስቀያው ይሰበር፣ ይሰበር፣ እጁ የቆጣሪውን ማጥፊያ ይነካል፣ ወደ ታች ይጫነዋል።

የሱቁ ውስጥ ይጨልማል። ሰው ልጥራ ብላ ተቆጣጣሪዋ በባዶ እግሯ መንገድ ላይ ትወጣለች፣ እርዱን፣ የሰው ያለህ፣ ስትል ይሰማል። ከስር ግን ምንም። ምንም አይሰማም።

የኔ እናት፣ ይላታል።

ምንም።

ዝም አትበይ፣ ተናገሪ፣ በምትወጃት በድንግል ተናገሪ፣

ምን ልናገር፣ እግሬን ይዞኛል፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣

ስደቢኝ፣

ምን?

ስደቢኝ፣ ድምፅሽ እንዳይጠፋኝ፣ የት እንዳለሽ ልወቅ፣

ትስላለች። አንተ ደንቆሮ፣ አዎ፣ ይላል እሱ፣ ድምፅዋ ከግራ ነው፣ እጁን ከቦንዳው ስር ይሰድዳል፣ አንተ ቃል የማትሰማ፣ አዎ፣ ቦንዳው ይንከባለላል፣ አሁን ቀረብ ብላለች፣ አባቴ ይሄ ሰው ግትር ነው ብሎኝ ነበር፣ አዎ፣ እውነቱን ነው፣ ነፍሱን ይማረው፣ ሌላ ቦንዳ፣ አንተ ግንድ ራስ፣ ጣት፣ የሷ ጣት፣ ትኩስ ነው፣ የሱን ጣት ጭምቅ ያደርገዋል፣ ባዶ አይደለም፣ ባዶ አይደለም፣ አዎ የኔ እናት፣ ስደቢኝ፣ ጨምሪ፣ ጨምሪ፣